የቂርቆስ ሞተርና የስመኘው ላም

(ፍኖተ ሰላም፣ የቂርቆስ ግቢ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ቂርቆስ ላም የሚያዳቅል የመንግሥት ባለሙያ ነው፤ ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አይከለክልም። ስመኘው ላሙ ኮርማ ፈልጋበት፣ ቂርቆስን ሊጠራ ከላህ ወንዝ ማዶ በእግሩ የመጣ ገበሬ ነው። ሞተር ሳይክሉ ግቢው መሐል ቆሟል። ቂርቆስ ቁልፉን ከፍቶ የማስነሻውን ቁልፍ አሥር ጊዜ ተጭኗል፤ ሞተሩ ጭጭ።)

ስመኘው፦ እኔ እምልዎ ዶክተር፣ በዚህ በጠራራ ፀሐይ ባትሪ ምን ያደርግልናል?

ቂርቆስ፦ አያ ስመኘው፣ ስንቴ ልንገርዎት? ያለ ባትሪ አይሆንም!

ስመኘው፦ መንገዱ እኮ ወለል ብሎ ይታያል። ቢመሽብንም ዓይኔ ደህና ነው፤ ከኋላ ሆኜ ግራ ቀኙን እነግርዎታለሁ።

ቂርቆስ፦ በእጅ የሚያዘውን ባትሪ አይደለም የምልዎት! የሞተሩን ባትሪ ነው። ባትሪ ማለት የሞተር ልብ ነው። ልቡ ቀጥ ያለ ነገር ምን ይደረጋል?

ስመኘው፦ ይቀበራል።

ቂርቆስ፦ ይቀየራል! (ከካርቶን አዲስ ባትሪ ያወጣል) ሰሞኑን መድከሙን አይቼ ይኸው ትናንት ከቡሬ አስመጣሁ።

ስመኘው፦ ከኔዋ ቡሬ?

ቂርቆስ፦ ላምዎን ቡሬ ብለው የሰየሙ እርስዎ! እኔ ከቡሬ ከተማ ነው የምልዎት።

ስመኘው፦ ይቅርታ፣ ከጎህ ጀምሮ የምትጮኸዋ ቡሬ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ነው። ምነው ታዲያ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው መካኒክ ቢያየው?

ቂርቆስ፦ ለባትሪ መካኒክ? እኔ? ስልኬ ላይ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ህንዳዊ በሰባት ደቂቃ ቀይሮ እጁን ታጠበ።

ስመኘው፦ ህንዱን ደውለው ቢጠሩትስ?

ቂርቆስ፦ (ካቻቪቴ እያነሳ) ይልቅ ያግዙኝ። ስንት ሰዓት ነው መድረስ ያለብን?

ስመኘው፦ እስከ ዘጠኝ። ከዘጠኝ ካለፈ ባለቤቴ ሠርክአዲስ የጎረቤታችንን የአያ ደረሰን ኮርማ አስገባለሁ ብላ ምላለች።

ቂርቆስ፦ ያንን ፍየል የሚያህለውን? እኔ ምርጥ ዘር ይዤ እየመጣሁ?

ስመኘው፦ እኔም ብያታለሁ። «የደረሰው ደርሷል፣ ያንተ ዶክተር ግን አልደረሰ» አለችኝ። ምን ልበላት? አምና ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ቀኑ አለፈን። ባለፈው ደግሞ ጎማዎ ተነፈሰ፣ አለፈን። አንዲት የወተት ጊደር ከተመኘሁ ሦስት ዓመቴ። ስሜ ስመኘው ነው ተብሎ ስመኝ ልኑር እንዴ ዶክተር?

ቂርቆስ፦ ዛሬ አያልፈንም። በሉ፣ ወንበሩን እናንሳ።

ስመኘው፦ ኮርቻውን?

ቂርቆስ፦ ኮርቻም ይበሉት። (ወንበሩን ያነሳል፤ አጎንብሶ ያያል) ባትሪው ከዚህ ሥር መሆን አለበት… የለም። ቪዲዮው ላይ ወንበሩ ሲነሳ ቁጭ ብሎ ነበር የሚጠብቀው።

ስመኘው፦ የህንዱ ጨዋ ኖሯል።

ቂርቆስ፦ አገኘሁት! ከሽፋኑ ኋላ ጥልቅ ውስጥ ነው ያለ። ሰው ባትሪ እዚህ ይደብቃል? በሉ፣ ከመፍቻው ሣጥን ቺያቬ አሥር ያቀብሉኝ።

(ስመኘው ሣጥኑን ይከፍታል። አንድ በአንድ ይቆጥራል። እንደገና ይቆጥራል።)

ቂርቆስ፦ ምነው ቆዩ?

ስመኘው፦ ያሉት ሰባት ናቸው ዶክተር። ሦስቱን ከጎረቤት ልዋስ?

ቂርቆስ፦ አሥር ቁጥር የተጻፈበትን! አንዱን ብቻ!

ስመኘው፦ ታዲያ አንድ አይሉም? (ያቀብለዋል)

ቂርቆስ፦ (ሽፋኑን ፈትቶ አንገቱን ሞተሩ ሥር ይከታል) ኧረ ጨለማ ነው፣ ምንም አይታየኝም። ቶሎ በሉ፣ ባትሪ ያምጡልኝ!

ስመኘው፦ (አዲሱን ባትሪ በሁለት እጁ ተሸክሞ ያመጣል) ይኸው።

ቂርቆስ፦ ይኼን አይደለም! የሚበራውን ባትሪ!

ስመኘው፦ ቅድም የሚበራው አይደለም ብለውኝ?

ቂርቆስ፦ ቅድም ሌላ፣ አሁን ሌላ! ይተዉት፣ በስልኬ አበራለሁ። (ቀኝ እጁን በጠባቡ ቀዳዳ ያስገባል) ያዝኩት… ከዚህ በኋላ ጥንቃቄ ነው። መጀመሪያ የሚፈታው ጥቁሩ ነው። ቀዩ ቀድሞ ከተፈታ እሳት ይነሳል።

(ከጀርባቸው፣ አጥሩ ሥር ሁለት በጎች ታስረዋል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ስመኘው ዞር ብሎ ያያቸዋል።)

ስመኘው፦ ቀዩ እንዲህ ክፉ ነው እንዴ?

ቂርቆስ፦ ሁለቱ ከተነካኩማ አለቀልን! እኔ እጄን ካወጣሁ ይሰምጥብኛል፤ ጥቁሩን እርስዎ ይፍቱልኝ።

ስመኘው፦ ልፍታው? አይሄድም?

ቂርቆስ፦ የት ይሄዳል? ከገባ ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ስመኘው፦ በሩ ግን ክፍት ነው።

ቂርቆስ፦ በሩ ምን አገባው! ፍቱት አልኩ!

ስመኘው፦ (ይሄድና ገመዱን ይፈታል) ፈታሁት።

ቂርቆስ፦ ጎሽ! አሁን ገለል ያድርጉት።

ስመኘው፦ እሱስ ራሱ ገለል ብሏል። አስፋልቱን ተሻገረ።

ቂርቆስ፦ ምኑ?

ስመኘው፦ በጉ።

ቂርቆስ፦ የምን በግ? (አንገቱን ያወጣል፤ ባዶውን ገመድ ያያል) በጌን! ሽቦውን እኮ ነው ያልኩ! ጥቁሩን ሽቦ! (ሊነሳ ሲሞክር እጁ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል) ውይ! እጄ! እጄ ተያዘ!

ስመኘው፦ የቱን ላስቀድም? እጅዎን ወይስ በግዎን?

ቂርቆስ፦ በጉን! በጉን!

(ስመኘው በሩጫ ይወጣል። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባና «ያዙት! ያዙት!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ቂርቆስ በግራ እጁ እየዳበሰ ሽቦዎቹን ይፈታል፤ ቀኝ እጁ ግን አልወጣ ይለዋል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ስመኘው በጉን አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል።)

ስመኘው፦ እህል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ስንዴ ሲበላ ያዝኩት። ባለሱቁ ክንፈሚካኤል ሰላም ብሎዎታል፤ ሰላምታው ግን ደስ አይልም። (በጉን እያሰረ) እንዴ! ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያው ተንበርክከው ነው የቆዩ?

ቂርቆስ፦ የት ልሂድ? ሞተሩን ጎትቼ?

ስመኘው፦ (ቁጢጥ ብሎ ቀዳዳውን ያያል) እኔን እሚገርመኝ ዶክተር፣ እጅዎ ላም ውስጥ እስከ ብብትዎ ገብቶ በሰላም ይወጣል። እዚህ አንጓዎ ላይ ቀረ?

ቂርቆስ፦ ላም ትለጠጣለች! ብረት ይለጠጣል?

ስመኘው፦ ለላም እሚያደርጉትን ለምን አያደርጉለትም? ያንን እሚያንሸራትተውን ቅባት።

(ቂርቆስ ሰማዩን ያያል፣ መሬቱን ያያል።)

ቂርቆስ፦ …ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እኔም ላዝዝዎት ስል ነው የቀደሙኝ።

ስመኘው፦ (ቅባቱን አምጥቶ እያፈሰሰ) አይዞዎት። ይተንፍሱ። ቀስ አድርገው ይግፉ… አይ፣ ይሳቡ!

(እጁ አሮጌውን ባትሪ እንደጨበጠ ድንገት ይወጣል። ቂርቆስ በጀርባው ይወድቃል።)

ስመኘው፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ!

ቂርቆስ፦ ይተዉ አያ ስመኘው!

(የስመኘው ስልክ ይጮኻል።)

ስመኘው፦ (በስልክ) አቤት ሠርክአዲስ… አለን… ዶክተሩ? ደህና ናቸው፣ አሁን በሰላም ተገላገሉ… የለም፣ ባትሪ ነው… ኮርማው መጣ? ማን አምጣው አለው? እስከ ዘጠኝ አላልሽም?… እሺ። እሺ። እሺ። (ይዘጋል) ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው ዶክተር። አያ ደረሰ ኮርማውን ነድቶ በራችን ላይ አቁሞታል። ሠርክአዲስ እያየችው ነው። ኮርማውም ቡሬን እያያት ነው።

ቂርቆስ፦ በሞተር አርባ ደቂቃ ነው፤ እንደርሳለን። ያ ህንድ ግን ሰባት ደቂቃ ያለው ውሸቱን ነው! (አዲሱን ባትሪ ታቅፎ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለዋል) ቆይ፣ ጽሑፉን ላንብብ። ይሄኛው የፕላስ ቀንዱ በቀኝ ነው፣ የድሮው በግራ ነበር… ዞሮ ይገባል ወይስ ተገልብጦ?

ስመኘው፦ እኔ በእግሬ ቀድሜ ልሂድና ኮርማውን ላባርር?

ቂርቆስ፦ በእግርዎ እስኪደርሱ ጥጃው ይወለዳል። ይረፉ እስቲ፣ ከጎህ ጀምሮ ሲራመዱ ነው የዋሉ።

ስመኘው፦ እግሬስ እውነትም ዝሏል። በጉም ጨረሰኝ። (ሞተሩን ተደግፎ ይቆማል) ይህቺ ጎኑ ላይ ታጥፋ ያለች ብረት ምንድን ናት?

ቂርቆስ፦ (ከባትሪው ዓይኑን ሳያነሳ) የቷ? እሷማ የእግር ማሳረፊያ ናት።

ስመኘው፦ የሹፌሩ?

ቂርቆስ፦ የሹፌሩ፣ የተሳፋሪው፣ የደከመው ሰው ሁሉ። ሞተሩን ቢሮ ከሰጠኝ ስምንት ወር ሆነኝ፣ አንድም ቀን ነክቻት አላውቅም። ይዘርጓትና ይረፉባት።

ስመኘው፦ (ይዘረጋታል። እግሩን ይጭንባታል) ወደ ታች ትሄዳለች እኮ።

ቂርቆስ፦ ታዲያ ይልቀቋት፣ ትመለሳለች። አይረብሹኝ፤ አሁን ዋናው ቦታ ላይ ነኝ። ፕላስ በዚህ… ማይነስ በዚያ…

ስመኘው፦ አላርፍ አለችኝ። ጠበቅ አድርጌ ልርገጣት?

ቂርቆስ፦ እንደፈለጉ!

(ስመኘው ጋቢውን ሰብስቦ በሙሉ ክብደቱ ይረግጣል። ሞተሩ ሳል ሳል ይለዋል። እንደገና ይረግጣል። ሞተሩ ተነስቶ ግቢውን በጭስና በጩኸት ይሞላዋል። በጎቹ ይደነብራሉ። ስመኘው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይዘላል። ቂርቆስ ባትሪውን እንደታቀፈ ብድግ ይላል።)

ቂርቆስ፦ ተነሳ! ተነሳ! አላልኩዎትም አያ ስመኘው? ዋናው ባትሪ ነው አላልኩም? አዩ፣ ሙያ ማለት ይህ ነው! መካኒክ ቤት ወስጄው ቢሆን እኮ እስከ ነገ አይጨርሱትም! ባትሪው ሲቀየር እንዴት እንደሚነሳ አዩልኝ?

ስመኘው፦ አየሁ ዶክተር።

ቂርቆስ፦ እንደ አዲስ!

ስመኘው፦ እንደ አዲስ ነው። ግን ባትሪውን ታቅፈውታል እኮ።

(ቂርቆስ ወደ እቅፉ ያያል። ወደ ሞተሩ ያያል። መሬት ላይ የተጋደመውን አሮጌ ባትሪ ያያል። ሞተሩ ልብ የለሽ ሆኖ ይንደቀደቃል።)

ቂርቆስ፦ (ወንበሩን ቦታው መልሶ) …ይውጡ። ከኋላ ይውጡ። ሳይጠፋ እንሂድ!

(ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የስመኘው ደጅ። የጎረቤቱ የደረሰ ኮርማ ግንድ ላይ ታስሮ አኩርፏል። ቂርቆስ ሥራውን ጨርሶ ረጅሙን ጓንት ያወልቃል። ቡሬ ጸጥ ብላ ሣር ታመነዥካለች። ሞተሩ ከአጥሩ ውጭ አሁንም እየጮኸ ነው።)

ስመኘው፦ ያዘች ይላሉ ዶክተር?

ቂርቆስ፦ በሃያ አንድ ቀን ካልጮኸች ይዛለች ማለት ነው። ሰዓቱ ግን ልክ ነበር፤ ልክ በሰዓቱ ደረስን።

ስመኘው፦ (ቡሬን ጀርባዋን እየዳበሰ) ዛሬ አላለፈንም። ዛሬ እንኳ አላለፈን። እግዜር ይስጥልኝ። በሉ ይግቡ፣ ሠርክአዲስ ምሳ አቅርባለች።

ቂርቆስ፦ አይ፣ እኔ ልሂድ። ሥራ አለብኝ።

ስመኘው፦ ቤቴ መጥተው እህል ሳይቀምሱ? አይደረግም! ሞተሩንስ ምነው አላጠፉት? ከመጣን ጀምሮ እየጮኸ ነዳጅዎን ጨረሰው።

ቂርቆስ፦ እሱማ… (ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አያ ስመኘው፣ ቅድም ሲረግጡት እንዴት እንዳደረጉት በደንብ አላየሁም። ካጠፋሁት እዚሁ ማደሬ ነው።

(ስመኘው ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ቁልፉን ይዘጋል። አገሩ ጸጥ ይላል።)

ስመኘው፦ ይግቡ ዶክተር። ሲጠግቡ እኔ አስነሳልዎታለሁ።