የብስኩቶች ጾም

ትናንት ሌሊት እማዋይሽ ሕልም አየች። በሕልሟ ላስቲክ ለብሳ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቆማለች። ላስቲኩ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ይንሿሿል። ደረቷ ላይ ፎቶዋ ታትሟል፤ ፎቶው ከእሷ ይልቅ ያምራል። እንዲህ አምሬ አላውቅም ብላ ደስ አላት። ማሸጊያ ሰውን በሕልሙ እንኳ አይምረውም።

በግራም በቀኝም ሰው ተደርድሯል። የማብቂያው ቀን የተጻፈው ጀርባ ላይ ስለሆነ የራሱን ማንበብ የቻለ የለም፤ ሁሉም አንገቱን እየጠመዘዘ የጎረቤቱን ያያል።

«የእኔ መቼ ነው ልጄ?» አሏት በስተቀኟ የቆሙ ሽማግሌ።

«አልፏል አባቴ።»

«ታዲያ ለምን አላነሱኝም?»

«ዋጋዎን ቀንሰውታል።»

ሽማግሌው እፎይ አሉ።

ወዲያው በሩ ተከፈተና ብስኩቶች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ገቡ። ከኋላቸው ትንንሽ ከረሜላዎች የእናቶቻቸውን ቀሚስ ይዘው «ሰው ግዢልኝ! ሰው ግዢልኝ!» እያሉ ያለቅሳሉ። ውጭ ስኳር ይዘንባል፤ ሲወርድ ድምፅ የለውም።

«የጾም ሰው አላችሁ?» አለች አንዲት ዋፈር።

«ከታች ናቸው» አለች ባለሱቋ ማስቲካ።

እማዋይሽ ጎንበስ ብላ አየች። ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አስተማሪዎች ተደርድረዋል፤ ቅባት የሚባል ነገር የላቸውም። ለካ ብስኩቶቹ ሁዳዴ ይዘዋል። እኛ ከሥጋና ከወተት እንደምንጾም እነሱም ከሰው ይጾማሉ።

እዚህ ላይ የእማዋይሽን ጉዳይ ካልነገርኳችሁ ሕልሙ ከንቱ ነው። እማዋይሽ የብስኩት ፋብሪካ ቀማሽ ናት። ፋብሪካው ሁለት ብስኩት ይሠራል፤ የኮኮናትና የወተት። ሥራ አስኪያጁ ከሁለቱ አንዱን ሊዘጋ ነው፤ የትኛው እንደሚቀጥል እሷ ቀምሳ ትናገራለች፣ ያውም ዛሬ ጠዋት። የኮኮናቱ የጾም ስለሆነ ቀምሳዋለች፤ እንደ ሰጋቱራ ነው። የወተቱን ግን ጾመኛ ናትና አልነካችውም። ቀምሳ ያልመሰከረችለት ብስኩት ደግሞ መዘጋቱ ነው። የወተቱን ብስኩት ቀኑን ሙሉ ቆማ የምታሽገው አስካለ ናት፤ አብሮ አደጓ፣ የልጇ ክርስትና እናት። ወተቱ ከተዘጋ አስካለ ቤቷ ትገባለች። እማዋይሽ የነፍስ አባቷን «ቀምሼ ብተፋውስ አባ?» ብትላቸው «ምላስ ላይ ያረፈ ሆድ ገባ ማለት ነው» አሏት። እንግዲህ ወይ ጾሟ ወይ አስካለ። በዚህ ጭንቀት ነው የተኛችው።

ከመደርደሪያው እወርዳለሁ ስትል ሱቁ አዳራሽ ሆነ። አጠገቧ አስካለ ቆማለች፤ እሷም እንደ እማዋይሽ ላስቲክ ለብሳለች። አሻጊዋ ታሽጋ ስታያት እማዋይሽን ሳቅ ያዛት። አስካለ ግን አልሳቀችም።

መድረኩ መሀል የድንች ቺፕስ ተቀምጧል። ሆዱ እስኪወጠር በአየር ተሞልቷል፤ ሰብሳቢ ያደረጉትም ለዚሁ ነው።

«ከሁለቱ ሴቶች የምትቀጥለው አንዷ ብቻ ናት» አለ። «ሌላዋ ትጣላለች። ቀማሽ ይቅረቡ!»

የቀረቡት ጠርዛቸው የተሸራረፈ አሮጊት የወተት ብስኩት ናቸው። ሁለቱን ሴቶች እያገላበጡ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ጾመኛ ነኝ። ሰው አልቀምስም» አሉ።

«ታዲያ በምን ሊፈርዱ ነው?»

«በድምፅ።»

የእማዋይሽን ጣት ይዘው ቀጭ አደረጉት። አላመማትም። ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ አዳራሹ አጨበጨበ። የአስካለን ጣት ቢያጥፉት ግን ጭጭ አለ፤ ሲያሽግ ኖሮ የላላ ጣት ነው።

«ይቺ እርጥበት ገብቷታል። ትጣል» አሉ።

አስካለ ቀና ብላ እማዋይሽን ብቻ አየቻት። እማዋይሽ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እንዴ፣ እትዬ! እባክዎ ይቅመሷት!»

«ጾም ነው አልኩ እኮ ልጄ።»

«ሳይቀምሱ መጣል ምን የሚሉት ጽድቅ ነው?»

ነገሩ የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ላስቲኩ ውስጥ ፊቷ በእፍረት ጋለ።

አሮጊቷ ነገሩ ከነከናቸውና የነፍስ አባታቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። የነፍስ አባታቸው ዳቦ ቆሎ ናቸው፤ ከረጢት ውስጥ ሆነው አዳራሹ ጥግ ያንቀላፋሉ።

«አባ፣ ልሼ ብተፋትስ?»

«ምላስ ላይ ያረፈ ሆድ ገባ ማለት ነው።»

«ካልላስኳት እኮ ትጣላለች።»

ዳቦ ቆሎው «እኔ አላየሁም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

አሮጊቷ ተመልሰው የአስካለን ላስቲክ ከግንባሯ ላይ ገለጥ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ላሷት። ሰብሳቢው ቺፕስ እንኳ መንሿሿቱን ተወ።

«ጨው በዝቶባታል» አሉ።

«ላብ ነው እትዬ» አለች አስካለ ቀስ ብላ። «የማሽኑ ሙቀት አይጣል ነው።»

እንደገና ላሷት። «ከጨው ሥር ግን...» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። እንባቸው ወተት ነው። በጉንጫቸው የወረደው ወተት እያራሳቸው ከጠርዛቸው መሟሟት ጀመሩ፤ እሳቸው ግን ግድ የላቸውም። «እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም! ይቺን ልትጥሉ ነበር?»

እማዋይሽም አለቀሰች። ላስቲኳን በጥርሷ ቀድዳ ወጣችና ስኳሩ በመስኮት እየገባ ራሷ ላይ ሲያርፍ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኸች።

«እቀምሳለሁ! ንስሐዬን እገባለሁ እንጂ እቀምሳለሁ!»

በገዛ ጩኸቷ ነቃች። ነግቷል፤ ስልኳ ይጠራል። አስካለ ናት።

«አስኩዬ! ወስኛለሁ፣ እቀምሰዋለሁ! ይኸው መጣሁ!»

«ተይው እህቴ፣ አትልፊ» አለች አስካለ። «ሁለቱንም ዘጉት።»

«ሁለቱንም?»

«የኮኮናቱንም የወተቱንም። ማሽኑን እየነቀሉት ነው። ከእንግዲህ ፋብሪካው ውሃ ነው የሚያሽገው።»

«የምን ውሃ?»

«የሚጠጣ ውሃ ነዋ! ጾም ፍስክ ሳይል ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል አሉ።»

«ውይ አስኩ! አንቺስ ታዲያ?»

«እኔ እንኳ ተርፌያለሁ። ውሃም ቢሆን አሻጊ ይፈልጋል።»

እማዋይሽ ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት አልጋው ላይ ብድግ አለች። «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! ለእኔስ ምን አሉ?»

በስልኩ ውስጥ ማሽኑ ሲነቀል ይሰማል።

«አስኩ? ለእኔስ?»

«ውሃ» አለች አስካለ፣ «ቀማሽ አያስፈልገውም አሉ።»