ለወንዙ የተነፋ ጡሩንባ

የአስካለ እጆች የሽንኩርት ከረጢት በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ እየሰፉ ነው። ክሩ ከማዳሟ መጋረጃ የተረፈ ገመድ ነው። ሲያልቅ ከወንዝ ፌስታል ማውጫ መረብ ይሆናል። "እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ነው። ኸላስ፣ አለቀ፣ ስምዎን አስገብቻለሁ" አለችኝ። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ታውቃለች። "ለጉልበት ውሃ ጥሩ ነው" ብላ ሐኪሙም ራሷ ሆናለች።

ማንም ሳይሾመው የተሾመ ሰው የሌለበት ሰፈር እግዜር አልፈጠረም። ቤይሩት ውስጥ ናባዓ በሚባል ሰፈር ለምንኖር ለእኛ ሐበሾች የደረሱን ክብርት አስካለ፣ የቤይሩት ወንዝ የበላይ ጠባቂ ናቸው። ወንዙን በበጎ ፈቃድ የሚያጸዳ የሊባኖስ ወጣቶች ማኅበር አለ። ሁለት የፕላስቲክ ጀልባዎች አሉት፤ የፈለገ ሰው በነጻ ይቀዝፍባቸዋል። ክብርትነታቸው አንድ እሑድ ሊቀዝፉ ሄዱና ብዙም ሳይቆዩ ማኅበሩን እድር አደረጉት።

ያረፈደ ይቀጣል። ቅጣቱ ከውሃው የተገኘውን የመኪና ጎማ ብቻውን ማውጣት ነው። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ራሱ አረፈደ። "ያኒ፣ እኔ እኮ ሊቀመንበር ነኝ" አላት።

"ለዚህ ነዋ ትልቁን ጎማ የሰጠሁህ!"

ሌላ ጊዜ ወደ ጎረቤታችን ዶራ ሰፈር በቫን ስንሄድ አንድ ሰውዬ ጠርሙስ በመስኮት ወረወረ። አስካለ ቫኑን አስቆማ አስወረደችው። "ወንዙ የት፣ እኔ የት?" አለ። "ጠርሙሱ እግር ባይኖረው ዝናቡ አለው" ብላ አስለቀመችው። እኔ በሐፍረት ነጠላዬ ውስጥ ገባሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ግን ነገሩ ከረረ። ወደ ውሃው የሚያወርደው ደረጃ በር ሊቆለፍ ነው ተባለ። አባስ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ሰው እሑድ መጥቶ ያያል፤ ሕዝብ የማይጠቀምበት ከሆነ ይዘጋዋል። በዚህ ከተማ ማንንም ሳናስፈቅድ የምንቀመጥበት ቦታ ያ ደረጃ ብቻ ነው። አስካለ ሳምንቱን እህል አልቀመሰችም።

እሑድ ጠዋት የተገኘነው እሷ፣ እኔና ጎማ የፈራው ሊቀመንበር ብቻ ነበርን። ይሄኔ የኳስ ደጋፊዎች የሚነፉትን የፕላስቲክ ጡሩንባ ይዛ ወጣች። በናባዓ ጠባብ መንገዶች እየዞረች ነፋች። "ወደ ወንዙ! ሁላችሁም ወደ ወንዙ!"

በማለዳ ጡሩንባ ሲነፋ አገር ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ሰው ሞቷል።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ወረዱ። መዲና የወሎ ጓደኞቿን አስከትላ "ማናት? ማናት የሞተችው?" እያለች ደረሰች። "ወንዝ የወሰዳት ናት አሉ" አለች አንዷ። ለቅሶው ባሰ።

አባስ ሲመጣ ደረጃው ጢም ብሏል። ኮፍያውን አውልቆ "አላህ ይርሐሞ፣ ማን ሞተ?" አለ።

አስካለ ዓይኗን አላሸችም። "ማንም። በሩ ከተዘጋ ግን ወንዙ ይሞታል። ቀድመን መጣን።"

"ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ይመጣል?"

"ገና ግማሹ ነው!"

ሰውየው ሕዝቡን ዞሮ አየና በሩ እንደማይቆለፍ ተናግሮ ሄደ።

መዲና አስካለን ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት። "አንቺ ቀላማጅ! እንባዬን መልሺ!"

"እዚያው አፍስሺው እቴ፣ ወንዙ ውሃ አንሶታል!"

ሁሉም በሳቅ ወደቁ። ከመጡ አይቀር ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ጀልባው ላይ ወጡ።

ወሬው ግን ዶራ ደርሶ ኖሯል። ከናባዓ ሴቶች በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለሆንኩ ሟቿ እኔ ነኝ ተብሎ ንፍሮ ተጥዷል። "አስካለዬ፣ ሩጪና አለመሞቴን ንገሪልኝ" አልኳት።

"ያላ እማማ፣ አሁን!" አለች። ከጀልባው ግን አልወረደችም። ስትቀዝፍ እንደ ልጅ ትስቃለች። ሳምንቱን ሙሉ ያልበላች ሴት ስትስቅ ሳያት፣ ትንሽ ሞቼ ብቆይላትስ ብዬ ተውኳት።

እስካሁን አልሄደችም። ዶራ በወረድኩ ቁጥር አይተውኝ የሚያማትቡ አሉ።