አቶ ትንሽ ይቀረዋል እና የሙሽራዋ እስክሪብቶ

በየቤተሰቡ ሥራ ጀምሮ የማይጨርስ ሰው አይጠፋም። እሱ ቀላል ነው፤ ይመከራል፣ ይቆጡታል። የሚያስፈራው የጨረሰውን ሥራ መተው የማይችለው ነው። ግድግዳ ቀብቶ ሲያበቃ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አንገቱን ዘመም ካደረገ አለቀላችሁ፤ ግድግዳው እንደገና ይፋቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን እህቴን ድሬለታለሁ።

ክቡርነታቸው በቤተሰባችን ዘንድ «አቶ ትንሽ ይቀረዋል» ተብለው ይታወቃሉ። ቀን ቀን ፍሪጅ ይጠግናሉ። ከሥራ ሲመለሱ ከቤታቸው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እንጨት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ማሽናቸውን አስነስተው እስክሪብቶ ይሠራሉ። አማቼ ናቸውና ከዚህ በኋላ እሱ እያልኩ ብቀጥል ቅር አይላቸውም።

እስክሪብቶ የማይሆን ነገር ያለ አይመስለውም። ቀንድ ሞክሯል፤ ሲቆረጥ የተቃጠለ ፀጉር ስለሚሸት እህቴ ጎረቤት ቤት ተሰደደች። የጃንጥላ እጀታ ሞክሯል፤ ጃንጥላው የእኔ ነበር። ከሁሉም የሚብሰው ግን የላይኛው ቅብ ነው። የተልባ ዘይት ይቀባና «ደበዘዘ» ይላል። ሰም ያሸዋል፤ «ጣት ያዳልጣል።» ሱፐር ግሉ የሚባለውን ማጣበቂያ በስሱ ደራርቦ መስታወት ያስመስለዋል፤ «በዛ፣ ፕላስቲክ ሆነ።» ቫርኒሽ ይቀባና እስኪደርቅ መጠበቅ ስለማይሆንለት ምድጃ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ምድጃ የወጣውን ዳቦ የበላን ሰዎች ዛሬም ስንገናኝ እናነሳዋለን።

ስጦታውም ስጦታ አይደለም፣ ውሰት ነው። ለእኔ የሰጠኝን ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ ጽሑፌን ገና ሳልጨርስ፣ ከጣቴ መሃል መዝዞ ወሰደው። «ትንሽ ይቀረዋል» አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ። ለአከራዩ የሰጠው ደግሞ ቅቡ ሳይደርቅ የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ተጣብቆ፣ ሲያወጡት ኪሱም አብሮ ወጣ።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነገር ነበር፣ የእህቴ ልጅ እስክታገባ ድረስ።

ልጅቷ ትንሽ ሳለች አባቷ የማጥኛ ጠረጴዛ ሠርቶላት ነበር። ጠረጴዛው ትንሽ ይነቃነቃል። እሱም ለማስተካከል አንዱን እግር ይቆርጣል፤ በማግስቱ ሌላውን። እሷ ስታድግ ጠረጴዛው ያጥር ነበር። ቤት ሲቀይሩ ጠረጴዛው ተሰባበረ፤ የተረፈውን እግር ነቀዝ በላው። ደህና ሆኖ የተገኘው የአንድ ጣት ያህል እንጨት ብቻ ነው። «አባዬ፣ እስክሪብቶ አድርግልኝ፤ የጋብቻ ፊርማዬን በእሱ ነው የምፈርመው» አለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

እንጨቱ አንድ ነው፣ ምትክ የለውም። አዲስ ቅብ እንዲይዝ ደግሞ አሮጌው በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለበት፣ በተፋቀ ቁጥር እንጨቱም አብሮ ይሳሳል። ከሥሩ ያለው ቀለሙ የሚገባበት የነሐስ ቱቦ ነው። ነሐሱ ብቅ ካለ የጠረጴዛው ነገር አበቃለት። አማቼ ዘይቱን ቀብቶ ፋቀው፣ ሰሙን ቀብቶ ፋቀው፣ ሱፐር ግሉን ቀብቶ ፋቀው። እህቴ እንቅልፍ አጣች።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት እህቴ ፀጉሯ ገና ሳይያዝ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ማሽኑን ሰማኸው? ሂድና ቀማው፣ ወንድሜ። እኔ ከሄድኩ እንጣላለን።»

አማቼ ሱፍ ልብሱን ለብሶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሏል። እስክሪብቶው ይሽከረከራል፣ አቧራው ክራባቱ ላይ ይራገፋል።

«ትናንት አልቆ አልነበር?» አልኩት።

«በቀን ብርሃን ሳየው ደብዛዛ ነው። ትንሽ ይቀረዋል።»

ድንገት እጁ ቆመ። ማሽኑን አጠፋው። ጫፉ አካባቢ ቢጫ መስመር ትታያለች። ነሐሱ መስሎን ሁለታችንም አጎነበስንባት። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ በቀስታ ጠረጋት። መስመሯ አልጠፋችም። ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላበጠው።

«የእንጨቱ የራሱ መስመር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እንጨት ነው።»

«በቃ፣ ስጠኝ።»

«እርቃኑን?» ብሎ አፈጠጠብኝና ቫርኒሹን አነሳ። ውጭ የመኪና ጥሩንባ ይጮሃል።

መንገዱን ሁሉ እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ እስክሪብቶውን ጫፍና ጫፉን ይዞ ነፋስ እያስመታው ሄደ። ሹፌሩ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እህቴ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ማዘጋጃ ቤት ፈራሚ ምስክሮቹ ተቀምጠዋል። ሠራተኛዋ ተራ የፕላስቲክ እስክሪብቶ ለሙሽራዋ ዘረጋችላት፤ ልጅቷ አልተቀበለችም። «አባዬ፣ የታለ?»

እሱ ከግድግዳው ተለጥፎ ቆሟል። «ልጄ… ትንሽ ይቀረዋል።»

 የሙሽራው አባት ሰዓታቸውን አዩ። «ከእናንተ በኋላ ሌሎች ሙሽሮች አሉ» አለች ሠራተኛዋ። 

ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። «ፊደል የቆጠርኩትም እኮ ጠረጴዛው እየተነቃነቀ ነው፣ አባዬ። ስጠኝ።»

ሰጣት። ፈረመች። ልታስቀምጠው ስትል አውራ ጣቷ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ቀስ ብላ አላቀቀችው። እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ ቁልጭ ብሎ ታትሟል።

አማቼ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ግራ እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ገባ፤ እዚያ ኪስ ውስጥ የብርጭቆ ወረቀት እንደማይጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። እህቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። አንገቱን ዘመም አድርጎ አሻራዋን ብዙ አየ። እጁ ከኪሱ የወጣው ባዶውን ነው።

«አለቀ» አለ።

በሕይወቱ ይህን ቃል ሲናገር የሰማው የለም። እህቴ አለቀሰች።

ከሠርጉ በኋላ ያ የቆርቆሮ ክፍል ድምፁ ጠፋ። ልጅቷ ከቤት ወጥታለች፤ አማቼ ከሥራ ተመልሶ ሶፋ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። «አንድም ነገር አይነካም» አለችኝ እህቴ በስልክ። «ማሽኑ ሲጮህ ይሻለኝ ነበር።»  ስንቀልድበት የኖርነው ሰው እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም።

በነጋታው ያቺን ከጣቴ መዝዞ ወስዶ ኋላ የመለሰልኝን እስክሪብቶዬን ይዤ ሄድኩ። አንድ እንከን የላትም፤ ታበራለች። ፊቱ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት።

«ትንሽ ይቀራት ይሆን እንዴ?» አልኩት።

 አነሳት፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ አንገቱን ዘመም አደረገ።

«ትንሽ?» አለ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ብዙ ይቀራታል እንጂ።»