የዶክተሩ አርባ አንድ ምሳ

[ዳውንታውን ዴንቨር፣ የፓርኪንግ ሕንፃ፤ ምሳ ሰዓት። ውጭ በረዶው እንደ ጉድ ይወርዳል። ሂተር ባላት ጠባብ የሒሳብ መቀበያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይነታረካሉ። አባይነህ የማያውቀው ነገር የለም፤ እሱ ራሱ ነው የሚለው። ምናሉ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ይህንንም የሚለው አባይነህ ነው። ከምሳ በኋላ አንዳቸው ጣራው ላይ ወጥቶ መኪኖቹን መቆጣጠር አለበት። ተራው የምናሉ ነው።]

አባይነህ፦ ሳንድዊች ነው እኮ! በአንድ ሳንድዊች ሐኪም ይገዛል?

ምናሉ፦ አርባ አንድ ነው። ልጄ ሔርሜላ የመንግሥት ዌብሳይት ላይ ሰርች አድርጋ አሳየችኝ። ዶክተርህን የጋበዘው የጉልበት ክኒንህን የሚሠራው ኩባንያ ነው።

አባይነህ፦ [ጉልበቱን እያሸ] ቢጋብዘውስ? ሰውየው አሥራ ሁለት ዓመት ተምሯል!

ምናሉ፦ ምሳ ሳይበላ?

አባይነህ፦ ኧረ በፈጠረህ! የተማረ ሰው በሆዱ አያስብም ማለቴ ነው።

ምናሉ፦ እሺ። በል ቅመስ፤ የባለቤቴ ቋንጣ ፍርፍር ነው።

አባይነህ፦ በቃኝ፣ በቃኝ... [ይጎርሳል] የዘርፈሽዋል እጅ ይባረክ!

ምናሉ፦ ታዲያ የዶክተሩ ምሳ ለምን ይመዘገባል?

አባይነህ፦ ሕግ ነዋ! ጋባዡ ማን ምን እንደበላ ጽፎ ይፋ ያወጣል፤ ሕዝብ ያያል።

ምናሉ፦ ሰላጣውንም?

አባይነህ፦ ሰላጣውንም!

ምናሉ፦ ኩባንያው ግን ምን ያገኛል?

አባይነህ፦ ምንም! ምሳ የጋበዘህ ሁሉ ከአንተ የሚፈልገው ነገር አለ እንዴ?

ምናሉ፦ [ሁለተኛ እያጎረሰው] የለም።

አባይነህ፦ አየህ!

ምናሉ፦ [ተነስቶ] በል ጣራው ላይ ልውጣ። ብርዱ ግን...

አባይነህ፦ እኔ እያለሁ? ተቀመጥ! [ጓንቱን ይቀማዋል]

ምናሉ፦ ጉልበትህስ?

አባይነህ፦ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው የሚያመኝ። ክኒኑ ለምንድነው ታዲያ?

[ምናሉ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጨምሮ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል።]

አባይነህ፦ ምንድነው እሱ?

ምናሉ፦ ምሳህ። ሕግ ነው አላልከኝም?

አባይነህ፦ [ያነባል] «ሐሙስ፦ ጎመን በሥጋ። ጣራ የወጣ፦ አባይነህ። ዓርብ፦ ሽሮ። ጣራ የወጣ፦ አባይነህ...» በሽሮም ወጥቻለሁ?!

ምናሉ፦ ሮጠህ ነው የወጣኸው።

አባይነህ፦ አንተ ሰውዬ! ከገና ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልወጣህም?

ምናሉ፦ አንድ ቀን ወጥቻለሁ። ዘርፈሽዋል ቶርንተን ከተማ እህቷ ቤት አድራ ምሳ ያልቋጠረችልኝ ቀን።

አባይነህ፦ [ጓንቱን አውልቆ ይወረውራል] አልወጣም! እኔ በምሳ የምገዛ ሰው አይደለሁም!

ምናሉ፦ [ጓንቱን አንስቶ፣ እያዘነ] ይሁን። ለነገ ዶሮ ልትሠራ ነበር።

[አባይነህ በረዶውን ያያል፤ ወረቀቱን ያያል። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጓንቱን ይቀበላል።]

አባይነህ፦ የዶሮውን... እንዳትጽፈው።