ጋሽ ቆይ እና የፋርማሲስቷ ሪሞት

ዕቃ ገዝቶ የሚጸጸት ሰው በየቤቱ ሞልቷል። ጎረቤቱ ገና ሳይገዛ አስቀድሞ የሚጸጸትለት ሰው ግን በአንድ ሕንፃ አንድ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ሁለት ቢሆኑ ሱቅ ሁሉ በተዘጋ ነበር።

ፋርማሲስቷ በምትኖርበት ሕንፃ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ጡረታ የወጡ የመድን ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጋጨ፣ የተቃጠለና ውኃ የገባበት ንብረት ሲገምቱ ስለኖሩ፣ አዲስ ዕቃ ሲያዩ ቀድሞ የሚታያቸው አወዳደቁ ነው። ትልቁም ትንሹም ጋሽ ቆይ ይላቸዋል። ሰው «ልገዛ ነው» ባለ ቁጥር «ቆይ» ይላሉ፤ ለሴት ሲሆን «ቆዪ»፣ ለባልና ሚስት ሲሆን «ቆዩ»። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይወዳሉ። እሳቸው እጅ የገባ እንቁላል ግን ገና ቅርፊቱን አልሰበረም።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሙሽሮች ፍሪጅ ሊገዙ ሲሉ፣ የሚቀጥለው ሞዴል እስኪመጣ ቆዩ ተባሉ። ሞዴሉ መጣ፤ እሱም ከኋላው የሚቀጥል ነበረው። በመጨረሻ ፍሪጁ ሲመጣ ለተሸካሚዎቹ በሩን የከፈተችላቸው ልጃቸው ነበረች። ፀጉር አስተካካዩ የሚሽከረከር ወንበር አማረው። ጋሽ ቆይ ስለ ወንበሩ ብሎን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አስረዱት። ዛሬም ድረስ ደንበኛው ተቀምጦ የሚሽከረከረው ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ነው። ጋሽ ቆይ በበኩላቸው ቴሌቪዥን የላቸውም። እያጠኑት ነው።

ፋርማሲስቷ ቀን ቀን ነጭ ጋዋን ለብሳ «ከምግብ በኋላ» ስትል የምትውል፣ እሑድ ጠዋት ግን ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች የምታሽቀዳድም ሴት ናት። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ልጅ ያደረሱ ሰዎች ናቸው። ዋናዋ ባላንጣዋ የባሏ ታላቅ እህት፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ ናት። ዳይሬክተሯ ያምናውን ዋንጫ ሳሎኗ ውስጥ ከሶፋው ፊት ለፊት አስቀምጣዋለች፤ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥርም የወንድሟን ሚስት እጇን ይዛ እዚያው ሶፋ ላይ ታስቀምጣታለች። «እዚህ ይመችሻል» ትላታለች።

ዘንድሮ ፋርማሲስቷ ቆርጣ ተነስታ ነበር። ውድድሩ ሊደርስ ሲል ግን አማቷ ሪሞቱ ላይ ተቀምጠው ሰበሩባት። ሪሞቱ እንደ ሽጉጥ እጀታና ቃታ ያለው፣ በጎኑ ትንሽ መሪ የተገጠመለት ነው። «የፀጉር ማድረቂያ መስሎኝ» አሉ አማቷ፤ የፀጉር ማድረቂያ ላይ ለምን እንደሚቀመጡ ግን አላብራሩም።

ፋርማሲስቷ ርካሽ ሪሞት ፈልጋ ለመግዛት ደረጃውን በእግር ጣቷ ጫፍ ወረደች። ጋሽ ቆይ በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ምን ልትገዢ ነው?»

«ምንም ጋሼ። አየር ልቀበል ነው።»

«አየር የሚቀበል ሰው ቦርሳውን እንዲህ አያቅፍም።»

ተናዘዘች።

«ቆዪ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዲህ ያለ ዕቃ መኖሩንም አያውቁ ነበር። በማግስቱ ግን ደረጃው ላይ አስቀምጠው አስተማሯት። «ቻናል ሁለት ይበቃሻል፤ አንዱ ለመሪው፣ አንዱ ለፍጥነቱ። ከዚያ በላይ ያለው መብራትና ጡሩንባ ነው፤ አንቺ ሙሽራ አታጅቢም። ዋናው ተቀባዩ ነው፤ መኪናዋ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚሰማው። ሪሞቱን በርካሽ ይሸጡልሽና ተቀባዩን ለብቻው ያመጡልሻል። ፈረሱን በነፃ ሰጥቶ ልጓሙን በፈረስ ዋጋ እንደ መሸጥ ነው።» የሚያበሳጨው ነገር፣ ልክ ነበሩ።

ቅዳሜ መኪናዋን ይዘው አብረው ሱቅ ሄዱ። ሻጩ ርካሾቹን ሪሞቶች ደረደረ። የመጀመሪያው ተቀባይ የለውም ተብሎ ወደቀ። ሁለተኛው ስክሪን ስላለው ወደቀ፤ «እሷ መኪናዋን ትይ ወይስ እሱን?» ተባለ። የቀረው ከነተቀባዩ የሚሸጠው፣ የሻገተ ሎሚ የመሰለው ነበር።

«ጋሼ፣ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» አለ ሻጩ። «ሁሉም ርካሽ ናቸው።»

«ርካሽማ እንፈልጋለን ልጄ። ርካሽነቱ እንዲታወቅብን ነው የማንፈልገው። በል መኪናዋን ይዘህ ውጣ፤ እስከ የት ድረስ እንደሚሰማ እንይ።»

ሻጩ መኪናዋን አቅፎ በመንገዱ ሄደ። «ጎማው ይዞራል?» ይላሉ ጋሽ ቆይ ከበሩ። «ይዞራል» ይላል። «ቀጥል።» ዳቦ ቤቱን አለፈ፣ ጫማ ጠጋኙን አለፈ፣ በመጨረሻም መታጠፊያው ጋ ተሰወረ። እስኪመለስ ድረስ ሌሎች ደንበኞች ገብተው ነበር፤ ጋሽ ቆይ ሁሉንም «ቆዩ» ብለው በክብር ሸኟቸው።

ሻጩ ሲመለስ ጎማዎቹ እየተሽከረከሩ ሳለ ሪሞቱን አጠፉት። ጎማዎቹ ወዲያው ቆሙ። «ትእዛዝ ሲያጣ አይፈረጥጥም» አሉ። «አስተዳደግ ያለው ዕቃ ነው። እንግዲህ ማታ ላስብበትና…»

«ጋሼ፣ ውድድሩ ነገ ነው።»

ጋሽ ቆይ ሪሞቱን አገላብጠው አዩት። ሻጩ ላቡን ጠረገ።

«ግዢው» አሉ በመጨረሻ፣ እንደሚናዘዝ ሰው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ከዚያ ወንበር ጠየቁ፤ ቀጥሎም ውኃ። ይህን ቃል ለማንም ብለው አያውቁም ነበር።

እሑድ ጠዋት ኮትና ከረባት አድርገው፣ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። የፋርማሲስቷ ባል ከእህቱና ከሚስቱ ላለመምረጥ ሲል የታመመ መስሎ ቤቱ ቀርቷል፤ ስለዚህ ደጋፊዋ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሎሚው ሪሞት እንደ ጨዋ ልጅ ታዘዘ። ፋርማሲስቷ ሒሳብ ሠራተኛውን አለፈች፣ ዳቦ ጋጋሪውን አለፈች፣ የዳይሬክተሯ መኪና ጭራ ላይ ተጣበቀች። በመጨረሻው ዙር ግን ጓጓችና መታጠፊያው ላይ ቃታውን አብዝታ ሳበች። መኪናዋ ተገለበጠች።

በውድድሩ ደንብ ነጂ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የተገለበጠውን የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው። ጋሽ ቆይ ሮጡ። ከዚያ በፊት ሲሮጡ ያያቸው ሰው አልነበረም። ከረባታቸው ትከሻቸው ላይ እየተውለበለበ ደረሱ፣ መኪናዋን አቀኑ፣ ሊነሱ ሲሉ ግን ጉልበታቸው እምቢ አለ። መታጠፊያው መሐል ቁጭ አሉ። መኪኖቹ በግራ በቀኛቸው ሲያልፉ እንደ ትራፊክ ፖሊስ በእጃቸው መንገድ ያሳዩ ጀመር።

አጭሩ መንገድ የሚያልፈው በጋሽ ቆይ ላይ ነበር። ፋርማሲስቷ በሰፊው ዞረች። ሌሎቹ እሳቸውን እየታከኩ በጠባቡ ቀደሟት፤ ዋንጫውም ወደዚያው ሳሎን ተመለሰ።

እሷና ዳይሬክተሯ ግራና ቀኝ ይዘው አነሷቸው።

«ተጎዱ እንዴ ጋሼ?» አለች ዳይሬክተሯ።

«እኔስ ደህና ነኝ» አሉና ወደ ፋርማሲስቷ ዞሩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ግዢው ማለት አልነበረብኝም።»

ከፋርማሲስቷ ጋር ወደ ሕንፃው ተመለሱ። ደረጃው ላይ የሁለተኛ ፎቋ ሚስት አገኘቻቸውና ካውያ ልትገዛ መሆኑን ነገረቻቸው። «እንደፈለግሽ ልጄ» ብለዋት አለፉ። ሴትዮዋ ደንግጣ ግድግዳውን ያዘች።

ፋርማሲስቷን አንጀቷን በላት። ዋንጫውን በሶፋ ላይ ሆና ማየት ለምዳዋለች፤ ይህን ግን አልቻለችም።

«ጋሼ» አለች፣ «ለመኪናዋ አዲስ ጎማ ልገዛ ነው። አሁኑኑ።»

ጋሽ ቆይ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ። «ጎማ» አሉ። «የምን ጎማ? ለስላሳ ነው ጠንካራ?»

«ያገኘሁትን።»

ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ።

«ቆዪ» አሉ። ደረጃው ላይ ተቀመጡና ከጎናቸው ያለውን አቧራ በመሐረባቸው አራግፈው ቦታ አበጁላት።

ስለ ጎማ ተናገሩ፤ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ሙጫው፣ አስፋልት ሲሞቅ ስለሚያመጣው ጣጣ። እሷም አገጯን በእጇ ደግፋ «እሺ ጋሼ»፣ «እንዴት ነው እሱ ጋሼ» እያለች ሰማች። ጎማዎቹ ከረቡዕ ጀምሮ አልጋዋ ሥር ነበሩ።