ሽማግሌ በጠዋት ሲመጣ

«እኔ ምንም አልፈራም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዕድሜውን ነው የምጠይቀው። ያ ሰው የድሮው ፍርሃቱ ለቆት አዲሱ ገና ያልደረሰለት ቢሆን ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ የምፈራው እዚሁ ላሊበላ፣ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በዐለት ውስጥ የሚያሻግረውን ጨለማ መንገድ ነበር። ሲኦል ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ልጅ አልነበረውም መሰለኝ። የእናቴን ነጠላ ጫፍ በጥርሴ ነክሼ ነበር የማልፈው። ጎረምሳ ስሆን ሲኦሉን ተውሁትና ልጃገረዶች ፊት ተደናቅፎ መውደቅን መፍራት ጀመርሁ። አስተማሪ ስሆን ደግሞ ተማሪ የማላውቀውን እንዳይጠይቀኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ምን ትፈራለህ ብትሉኝ፣ ከተቀመጥሁበት ስነሣ ሰው ክንዴን ሊይዝ ብድግ እንዳይል እፈራለሁ። ሳቁ እንጂ። እናንተም ትደርሱበታላችሁ።

የእናት ፍርሃት ግን ሌላ ነው። ከአሸተን ማርያም ግርጌ ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ አለምነሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ነጭ ሽንኩርት እየሸጡ ሁለት ልጆች አሳድገዋል። ትልቁ ሲሳይ ሕፃን ሳለ ገደል ፈሩለት። ትምህርት ቤት ሲገባ ፈተና፣ ትምህርቱን ሲጨርስ ሥራ ማጣት። እርሳቸው ሥራ ማጣቱን ሲፈሩለት፣ እርሱ ጓደኞቹን ተከትሎ ዐረብ አገር እገባለሁ ብሎ በእግሩ ወጣ። ከባሕሩ ዳር ደርሶ ደወለ፤ ነገ ጀልባ እንሳፈራለን አላቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚነገረው በማለዳ፣ ባለቤቱ ከደጁ ሳይወጣ ነው፤ ሽማግሌና ካህን ሆነው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ይሄዳሉ። እስከዚያው ድረስ ቀድሞ የሰማ ጎረቤት ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ይጫወታል፣ ይስቃል፤ ሳምንትም ይሁን ወር፣ ወሬው ይደበቃል። ርኅሩኆች ነን እኮ። ችግሩ፣ ልጇ የጠፋባት እናት ጎረቤት በሳቀ ቁጥር ትጠረጥራለች። እትዬ አለምነሽም ከተርታው ቤት ሁሉ ሣቅ መስማት ካስጨነቃቸው ቆይቷል።

ታዲያ ሴት ልጅ ለመጠየቅም የሚኬደው በማለዳ ነው። ሽማግሌና ካህን ሆኖ። ነጭ ጋቢ ለብሶ።

የሲሳይ ታናሽ እናኑ አድጋለች፤ አንድ የኩልመስክ ልጅ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። የልጁ ቤተ ሰቦች ለሽምግልና የላኩት ቄስ ሞላን፣ አያ ካሳውንና አፉ ይጣፍጣል የተባለውን እኔን ነበር። መቼም ሽማግሌ ሳያስነግር አይሄድም። እናቷ እንዲያውቁት ለእናኑ ነገርናት። እናኑ አፈረች። ዛሬ እነግራለሁ ነገ እነግራለሁ ስትል ሳትነግር ቀረች፤ እኛም የተነገረ መስሎን ጋቢያችንን አጣፍተን ሄድን።

ስንደርስ እትዬ አለምነሽ ሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ይጨምሩ ነበር። ቀና ብለው አዩን። ጋቢያችንን አዩ፣ የቄሱን መስቀል አዩ። «ግቡ» አሉ፤ ገባን። «ተቀመጡ» አሉ። ደንቡን ታውቁታላችሁ፣ ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። አያ ካሳው ለነገሩ ክብር እንዲሆን ብሎ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም እቴ» አለ።

ጆንያው ከእጃቸው ወደቀ። «ሲሳይዬ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ጩኸቱ ገና ከቤቱ ሳይወጣ መንደሩ ደረሰ። ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ መጡ፤ የቅሬው፣ የዕድሩ ማለቴ ነው፣ ሰዎች የለቅሶ ድንኳኑን ፍለጋ ሮጡ። እኛ ሦስታችን «አይደለም! አይደለም!» እያልን እንጮሃለን፤ ለቅሶ መካከል ቆሞ አይደለም የሚል ሰው ደግሞ ራሱ የሚያለቅስ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ እናኑ እናቷ እግር ላይ ወደቀች። «እማ፣ ለኔ ነው የመጡት! ለጋብቻ ነው!»

እኔ እልልታ ነበር የጠበቅሁት። እትዬ አለምነሽ ጆንያው ላይ ቁጭ አሉና ወደ ቄሱ ዞሩ።

«አባ፣ በያዙት መስቀል ይንገሩኝ። ሰምታችሁ አልደበቃችሁኝም?»

«አልደበቅንሽም ልጄ። ምንም አልሰማንም።»

«ሞቷል አላላችሁም?»

«አላልንም።»

«በሕይወት አለም አላላችሁም።»

ቄስ ሞላ መስቀሉን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ።

«አብሽሪ እቴ፣ ክፉ ይዘን አልመጣንም እኮ፤ ይልቅ እልል በይ» አለ አያ ካሳው፣ ላቡን በጋቢው እየጠረገ።

«አይ አያ ካሳው» አሉ። «እናንተ የምትመጡበትን ጠዋት ስፈራ ኖርሁ። ዛሬ ስትገቡ ግን፣ ተመስገን፣ ደረሰልኝ፣ አልቅሼ ልረፍ ነው ያልሁት። አሁን የምፈራው እሱን ሳትነግሩኝ እንዳልሞት ነው።»

ይህን ያህል ዘመን ስኖር፣ መርዶ የሚናፈቅ ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ደጅ ለቆመው ሕዝብ የሚናገር ሰው ሲያስፈልግ ደግሞ ሁሉም ወደኔ ዞረ። ወጥቼ ምን ልበል? አልሞተም እንዳልል ማን ነግሮኝ? «የመጣነው ለጋብቻ ነው፤ ተሳስታችኋል፣ ግቡ» አልሁ። ከወንዶቹ የሣቁ ነበሩ። ከሴቶቹ ግን ማልቀሳቸውን ያላቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ እዚያ ሰፈር ልጅ ያልወጣበት ቤት የትኛው ነው?

ተመልሼ ስገባ እናኑ ተፈቅዳ ነበር። ስለ ጥሎሽ፣ ስለ ሰርጉ ቀን ብዙ ክርክር አዘጋጅተን ነበር የሄድነው። እትዬ አለምነሽ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ወሬው የመጣ ዕለት፣ አዘንን ብለን ሳናዘገይ፣ ጠዋት ነው ማታ ነው ሳንል፣ እኛው ሦስታችን እንድንነግራቸው። ቃል ገባን። ሙሽራ ልንጠይቅ የሄድን ሰዎች መርዶ ልናመጣ ተስማምተን ወጣን።

ሰርጉ አለፈ፤ እናኑ ኩልመስክ ገብታ አርግዛለች አሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እትዬ አለምነሽን ሽንኩርታቸውን ዘርግተው አገኛቸዋለሁ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸው ይቆማል፤ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ራሴን እነቀንቃለሁ፤ የለም ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የሚያልፈውን ነገር ደስታ ልበለው ኀዘን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። «እግዜር ይስጥህ ጋሼ» ይሉና ሽንኩርታቸውን መምረጥ ለያዘው ገበያተኛ መመዘን ይጀምራሉ።