የሰማዩ ሚዛንና የጋሽ ይመር «እሺ»

የሰው ልጅ ሩቅ ማየት ይወዳል። የጎረቤቱን ስም በወጉ የማያውቀው ሰው የአውሮፓን ኳስ ተጫዋቾች ከነተቀያሪዎቻቸው ይዘረዝርላችኋል። ጣሪያው በየት በኩል እንደሚያፈስ ያልለየውም ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ሲያስረዳ ይውላል። «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» የሚለው ተረት ማንን አይቶ እንደተነገረ አላውቅም። እኔን ነው ካላችሁ ግን አልከራከርም፤ ያን ጊዜ ሥራዬ የዓለምን ጎርፍ ማየት ነበርና።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ካለው ካምፓስ ቁጭ ብዬ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው ይህንኑ ነበር። ሰማይ ላይ ሁለት ሳተላይቶች ተከታትለው ይዞራሉ። ውሃ የጠጣ መሬት ይከብዳል፤ የከበደ መሬት ደግሞ አብልጦ ይስባል። ስለዚህ ፊተኛዋ ውሃ ያዘለ አገር ስትቃረብ ሳብ ትደረግና ከኋለኛዋ በጥቂቱ ትርቃለች። ያቺን ጥቂት ርቀት ለክተን የመሬቱን ክብደት እናውቃለን። የዝናቡን መጠን ስንጨምርበት፣ የትኛው አገር እንደጠገበና ትንሽ ቢደገምበት እንደሚያስመልሰው ይታወቃል።

ይህን ለአማካሪዬ ለማስረዳት ወራት ፈጅቶብኛል። አከራዬ ጋሽ ይመር ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይጨርሱ ገባቸው።

«እህ!» አሉ። «ሚዛኑን ሰማይ ላይ ሰቀሉታ!»

ጋሽ ይመር ከወሎ መጥተው መቀሌ ሓድነት ሰፈር ጨው የሚነግዱ ሰው ናቸው። እናታቸው እዚያው ወሎ ማሽላ ያርሳሉ፤ ባለፈው ዓመት ዝናቡ ቀርቶባቸው ልጃቸውም እዚህ ሆነው ሲጨነቁ ከርመዋል። ታዲያ ክረምት በገባ ቁጥር ጋሽ ይመር ከሚዛናቸው በአንዱ ጎን አሞሌ ጨው፣ በሌላው ያንኑ የሚመዝን ብረት አስቀምጠው ይተዉታል። አየሩ ሲረጥብ ጨው ውሃ ይጠጣል፣ ይከብድና ወደ ታች ያዘነብላል። እኔ በምከራይበት ግቢ ያለው መጋዘናቸው ከጎርፍ መውረጃው ቦይ አጠገብ ዝቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ይህ ለእሳቸው ጨዋታ አይደለም።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ጠሩኝ። ከአፋር የመጣው የዓመት ጨዋቸው መጋዘኑን ሞልቶታል። ውሃ ከገባ ያ ሁሉ ሀብት ሾርባ ሆኖ መቅረቱ ነው።

«መምህር፣ የኔ ሚዛን ወድቋል። ያንተስ ምን ይላል?»

ላፕቶፔን ከፍቼ ካርታውን አሳየኋቸው። «መሬቱ ገና ቀላል ነው ጋሼ፣ አልጠገበም። በዚህ ሳምንት ጎርፍ የለም። ጨውዎን አያንቀሳቅሱ!»

የሳተላይቱ መረጃ ዘግይቶ ስለሚደርስ ካርታው የሁለት ወር ዕድሜ እንዳለው አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ካርታውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሚዛናቸውን አዩ።

«እሺ» አሉ።

ደረቴን ነፍቼ ወደ ካምፓስ ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር።  የሰውዬው የዓመት እንጀራ በእኔ ቃል ሲሟሟ ታየኝ። ታክሲ ያዝኩ፤ ታክሲው ውሃው ዘንድ ሲደርስ አልሻገርም አለ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። መጋዘኑ ውስጥ ውሃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ጨው ግን የለም። ሟሙቶ አለቀ ብዬ ልጮህ ስል ጎረቤታችን ኣደይ ለተብርሃን ከደጃቸው ተጣሩ፦

«ዋይ ኣነ፣ ወደይ! ወይኔ ልጄ፣ ጨው ፈልገህ ነው? ጨውማ ከጠዋቱ ወጥቷል። አንተ ከሄድህ በኋላ እኮ ነው ያወጣነው!»

የት? ሦስት ደረጃ ከፍ ብላ የተሠራችው የእኔ ክፍል ውስጥ! አልጋዬ ላይ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ትራሴ ላይ ጨው ተደርድሯል። ጋሽ ይመር በሩ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«ጋሼ፣ እሺ ብለውኝ አልነበር?»

«አልኩ እንጂ። የተማረ ሰው ሲናገር ታዲያ ምን ሊባል ነው? ‹አመንኩህ› የሚል ቃል ግን፣ ወላሂ፣ መች ወጣኝ!»

አያችሁልኝ? በዚህ አገር ተወልጄ፣ ስንቱን «እሺ» ሰምቼና ብዬ፣ እሺ ማለት ሰማሁህ ማለት ብቻ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ደስታዬ በለጠ።

በጥቅምት የዚያ ሐምሌ መረጃ ደረሰኝና ለጋሽ ይመር አሳየኋቸው። በካሬ በካሬ በተከፈለው ካርታ ላይ የእኛዋ ካሬ ውሃ ጠግባ ደማቅ ሰማያዊ ሆናለች።

«የኛ ቦይ የታለች?»

«አትታይም ጋሼ። ይቺ አንዷ ካሬ እኮ ከመቀሌ ተነስታ ደሴን ታልፋለች።»

 ጣታቸውን በቀስታ ካሬዋ ላይ አሳረፉ። «ወሎም እዚህ ውስጥ ናት?»

«ናት።»

«ጠግባለች?»

«ጠግባለች ጋሼ! ዘንድሮ ለእናትዎ አይስጉ!»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ትከሻዬን ያዝ አድርገው ከልባቸው ፈገግ አሉ።

«እሺ» አሉኝ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ወሎ ደወሉ።

«እማ፣ ዘነበ ወይ?»